ሦስት ቀን በሳቢያን

ከእንግዳው በስተግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣
የእኔ ቦታ እዚያ ነው፣ እንደ ሰው ጥላ።
እሱ አንድ ይላል፣ እኔም አንድ እላለሁ፤
ሲያስለው ብቻ ነው እኔ ዝም የምለው።

ከበረዶ አገር የመጣ ነው፣ ሃራልድ ይሉታል፤
የድሬ ሙቀት በአንድ ጠዋት አንገቱን ቲማቲም አስመስሎታል።
ቆርቆሮ አዳራሽ፣ ሁለት ማራገቢያ፣
አንዱ የሚዞር፣ አንዱ ለማሳያ።
ሠላሳ አራት መጋቢ፣ ከሁርሶ፣ ከኤረር፣
አንዳንዱ በአይሱዙ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር።

ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነበር የመጀመሪያው ቀን፤
ክብ ሣለና ሰሌዳው ላይ ቆራረጠልን።
"ፒዛ" ያለውን "ድፎ ዳቦ" ብዬ አለፍኩ።
ለጸሎት፣ ለጥናት፤ "ይቺ ለዕረፍት" ስል ግን ሳቅ ሰማሁ፤
መጋቢ ኤርጫፎ ነው፤ ቀን ባጃጅ፣ ማታ ስብከት፣
ሌሊት ደግሞ ሰው ከሞተ ድንኳን ተካይ በየቤት።
"ምን አለ?" ሲለኝ ሃራልድ፣ "ምሳሌው ጣፈጠው" አልኩ፤
ይህቺን አንዲት ውሸት ለማንም አልተናዘዝኩ።

በሁለተኛው ቀን "ያዘኑትን ማጽናናት"፣ ሰባት ደረጃ፣
ለእያንዳንዱ ደረጃ ጥቅስ ለማስረጃ።
አምስተኛው ላይ ስንደርስ ወንጌላዊ ጉደታ ተነሳ፤
ሽመንደፈር ፍሬን ሲይዝ የኖረ፣ ክንዱ ገና ያልሳሳ።
"ልጄ፣ እንዲህ በይልኝ" አለ፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፤
"ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ቤቱን ከነሰው ጠቅልሎ
የወሰደ ጊዜ፣ ጎረቤቴ የልጇን አንድ ጫማ ሰጠችኝ።
'ሬሳዋ የለም ጉደታ፣ ይህን ቅበርልኝ' አለችኝ።
ቁጥሩ ሃያ ስምንት።
ቀበርኩት።
ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው ጫማ የሚቀበረው?
ጠይቂልኝ እስቲ፣ ይንገረኝ የተማረው።"

ቃል በቃል አደረስኩ፣ ሃያ ስምንትን ሳላስቀር።
ሃራልድ አፉን ከፈተ። ዘጋው። መነጽሩን አወለቀ።
ማራገቢያው ተንቋቋ፣ አንድ ወረቀት ወደቀ።
እኔ የሚተረጎም ነገር ስጠብቅ፣ ቆሜ።
"አላውቅም" አለ በስተመጨረሻ። በሱ ቋንቋ ሦስት ቃል፣
በእኛ አንድ ናት፤ ጉሮሮዬ ላይ ግን ሦስቱም ቆመዋል።
ጉደታ ራሱን ነቀነቀ፤ "እኔም" አለና ተቀመጠ።
ስድስትና ሰባተኛው በዚያው ሳይጻፍ አመለጠ።

አሥር ሰዓት ላይ ለወጣቶች የተባለ ፕሮግራም ነበር፤
ጀነሬተር፣ ሁለት ስፒከር፣ ሁለት መቶ ወንበር።
ሰባት ሰው መጣ፤ አምስቱ መዘምራን።
የቀረው ወጣት ኳስ ላይ ነው፣ ከደቻቱ ድልድይ ታችኛው ጎን።
"እንሂዳ" አለኝ። ሄድን።
አንድ ጉንጩ የተወጠረ ልጅ፣ ኢልያስ፣
"አቦ ፈረንጁ፣ በረኛ የለንም፣ ቁምልን እስክንጨርስ!"

ጫማውን አወለቀ። አሸዋው የቀኑን እሳት ገና ይዟል፤
ሃራልድ እንደ ዶሮ ዘለለ፤ ደቻቱ በሳቅ ተቀዷል።
ላስተረጉምለት ብዬ ወደ ጎኑ ስጠጋ
"ተይው፣ ይሄ ይገባናል፤ አንቺ አረፍ በይ እዚያ ጋ።"
ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ የእንግዳውን ጫማ ታቅፌ፤
አምስት ጎል ገባበት። አንዲት ቃል አልወጣችም በአፌ።
ገልብጬ አየሁት ሶሉን፤ አርባ አራት።

በሦስተኛው ቀን ሰርተፊኬት። ኤርጫፎ "ኢርካፖ" ሆኖ
ባጃጁ መስታወት ላይ ለጥፎታል፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ።

አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣውን እንደያዘ ቆመና
"የልጅቷ ስም ማን ነበር?" አለኝ። ለጉደታ ደወልኩና
"ነጃት" አልኩት። ደጋገመው፣ ምላሱ ላይ እስኪቀና።
"ትርጉም አለው?"
አለው፤ በዐረብኛ፤ ሠላሳ አራቱም መጋቢዎች
ሲሰብኩት የሚውሉት ቃል ነው።
"ስም ነው" አልኩት።

ኤርጫፎ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።